ተራ የማይለቀው ብስክሌተኛ

«አንድ ብረት በያጅ ነበረ፤ ብርቱ ብስክሌተኛም ነበረ» ብለው ጀመሩ የሰፈሩ ሰው ምክር የሚጠይቃቸው መምህር ልሣነወርቅ።

ይህን የጀመሩት ለወይዘሮ አጸደ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። ወይዘሮ አጸደ ባሏ የቤታቸውን ጣራ ሲያድስ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ሱቁንም፣ ልጆቹንም፣ የተኛውንም ሰው ብቻዋን ይዛ ነበር። በሰፈሩ ለቅሶም ቢሆን ሠርግ፣ ቀድማ ደርሳ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ የምትገባው እሷ ናት። አሁን ግን ጎረቤቶቿ «ልብሱን እንጠብልሽ፤ አንቺ ትንሽ ጋደም ስትዪ ሱቁ ውስጥ እንቀመጥልሽ» ሲሏት፣ ሁሉንም «እግዜር ይስጥልኝ፣ አልተቸገርኩም» እያለች ከደጅ ትመልሳለች። ያን ቀን ድካም አዙሯት፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣችና፣ «መምህር፣ እኔ ሰው መርዳት እወዳለሁ። ሰው ሲረዳኝ ግን እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። ይሄ ጨዋነት ነው ወይስ ኩራት?» አለቻቸው።

መምህሩ ጨዋነት ነው አላሉም፤ ኩራት ነውም አላሉም። የብረት በያጁን ታሪክ ቀጠሉ።

ሰውየው የሚኖረው ነፋስ በማይለየው የደጋ ከተማ ነበር። ከከተማው ወጣ ሲሉ ሜዳው ዛፍ የለውም፤ ነፋሱ ከገደል አፋፍ ተነሥቶ እስኪመጣ የሚያግደው ነገር አያገኝም። በዚያ ከተማ አንድ የብስክሌት ክበብ ነበረ። አባላቱ ለዋንጫ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች አይደሉም። አንድ ሸምገል ያሉ ልብስ ሰፊ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪ፣ አንዲት ቀጭን ዳቦ ጋጋሪና ሌሎችም ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተጠራርተው ይወጣሉ። ሌላው ሰው ሰኔ ሲገባ ብስክሌቱን ጎተራ ሥር ሲያስገባ እነሱ ክረምቱንም አይቀሩም። ነርሷ ዝናብ ሲያካፋ ወደ ሰማይ ታይና «ጨው አይደለን፣ አንሟሟም» ትላለች፤ ይሄዳሉ።

በነፋስ ብስክሌት መንዳት የራሱ ዘዴ አለው። አንዱ ፊት ይሆንና ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል። ሌሎቹ ከኋላው አንድ በአንድ ተከታትለው፣ እጅግ ተጠጋግተው ይሄዳሉ። ከኋላ ያለውን ነፋሱ አያገኘውም፤ ጉልበቱ ይተርፈዋል። የፊተኛው ሲደክመው ክርኑን ወዝወዝ አድርጎ ወደ ዳር ይወጣል፤ ሌሎቹ ያልፉታል፤ እሱ ከሰልፉ ጭራ ገብቶ ያርፋል። ከዚያ ቀጣዩ ፊት ይሆናል። ይህን «ተራ» ይሉታል። ክበቡ ሌላ ሕግ አልነበረውም።

ብረት በያጁ ይህን ሕግ አያከብርም ነበር። የሚጥሰው ግን ከድካም ሸሽቶ አይደለም፤ አንዴ ፊት ከሆነ አይወርድም እንጂ። ከከተማው በር እስኪወጡ ይታገሣል፤ ነፋሱ ገና ሲጀምር ሁሉንም አልፎ ፊት ይሆናል፤ እስኪመለሱ ድረስ እዚያው ነው። ትከሻው እንደ በር ሰፊ ነበር። ከኋላው ለመሄድ ሁሉም ይሻማል፤ «ግድግዳው» ብለውም ስም አወጡለት። እሱም ስሙን ወደደው።

ለምን አይወርድም? አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ያደገው በአጎቱ ቤት ነው። የአጎቱ ሚስት ማዕድ በቀረበ ቁጥር «ብላ እንግዲህ፤ ምን ይደረግ፣ እግዜር ጥሎብን» ትለው ነበር። ያ ጉርሻ ጉሮሮውን እየቧጠጠ ይወርዳል። ራሱን ሲችል ከማንም ምንም ላለመቀበል ለራሱ ማለ። መሐላውንም አጥብቆ ያዘ። ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ያለ ክፍያ የበየደው በርና መስኮት ብዙ ነው። ነገር ግን ሚስቱ እንኳ ውሃ ስታቀርብለት «ተይው፣ ራሴ እቀዳለሁ» ይላታል። የሰው ጀርባ ተጠግቶ መሄድማ ለእሱ የአጎቱ ሚስት ማዕድ ላይ እንደ መቀመጥ ነበር።

በዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይከነክነዋል። ከኋላው ሁልጊዜ ሳቅ ይሰማል። ፊት የሚሄድ ሰው ጆሮው ውስጥ ነፋስ እንደ ወንዝ ስለሚጮኽ ቃል አይለይም፤ የሚደርሰው ሳቁ ብቻ ነው። ጸጥ ይላሉ፣ ጸጥ ይላሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያሽካካሉ። ሰውየው «በእኔ ነው የሚስቁት» ብሎ አሰበ። አንድ እሑድ ከመውጣቱ በፊት ለሚስቱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና፣ «እስቲ እይኝ፤ ከኋላዬ የሚያስቅ ነገር አለ?» አላት።

ሚስቱ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሰፋ ብለሃል እንጂ ሌላ ምንም የለህም» አለችው።

ሱሪው ይሆናል ብሎ አዲስ ሱሪ ገዛ። በሚቀጥለው እሑድ ከወትሮው የባሰ ሳቁ። እሱም ጥርሱን ነክሶ ከወትሮው የባሰ ረገጠ።

ነሐሴ ውስጥ በአንዱ እሑድ ሰውየው ጉንፋን ይዞት አነጋ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስል ሰንብቷል፤ ዓይኑ ያብረቀርቃል። ሚስቱ ግንባሩን ዳብሳ «ዛሬስ ቅር» አለችው።

«እኔ ከቀረሁ ማን ፊት ይሆናል?» አላት።

«የወጡበት እግር ይመልሳቸዋል» አለችው። እሱ ግን ብስክሌቱን ገፍቶ ወጣ።

ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላቸው ነበር፤ እየገፋ እንደ ቅጠል አበረራቸው። መንገድ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ መንደር ደርሰው ሻይ ቤት ገቡ። ነርሷ ሳሉን ሰምታ ዝንጅብል ያለበት ሻይ አስቀድታ አመጣችለት። «ጤነኛ ነኝ፤ ለራስሽ ጠጪው» ብሎ መለሰላት። ዳቦ ጋጋሪዋ ከቤቷ ካመጣችው ትኩስ ድፎ ስትቆርስ ለእሱም ዘረጋችለት። «ጠግቤ ነው የወጣሁት» አላት። አልጠገበም ነበር።

ሲመለሱ ነፋሱ ከፊታቸው ቆሞ ጠበቃቸው። ዝናብም ጀመረና ከላይ በመውረድ ፈንታ ከፊት ለፊት መጣባቸው። ጠብታው ጉንጭ ላይ እንደ ጠጠር ያርፋል። ሰውየው እንደ ልማዱ ፊት ሆነና አንገቱን ደፍቶ መርገጥ ጀመረ። ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ ሄዱ። ከዚያ እግሩ መክበድ፣ ደረቱም ማፏጨት ጀመረ።

ልብስ ሰፊው ከኋላ «ተራ!» ብለው ጮኹ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ በጎን መጥታ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ዞር በልልን እንጂ! ትንሽ ብቻ!» አለችው።

«ደህና ነኝ» አላት።

ደህና አልነበረም። እየዘገየ ሄደ። እሱ ሲዘገይ ሁሉም ዘገየ፤ የሚያልፈው ሰው እንዳይኖር የመንገዱን መሐል ይዟል። ብስክሌት ላይ የሚዘገይ ሰው ሰውነቱ አይሞቅም። የሁሉም ልብስ ከቆዳቸው ተጣብቆ ብርዱ አጥንታቸው ድረስ ገባ። ከኋላ የነበረው ሳቅም ጠፋ። ሰውየው ግን ይህን አላወቀም። «ይኸው እያደረስኳቸው ነው» ብሎ ያስብ ነበር።

አንዲት ትንሽ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ነፋሱ ድንገት ከጎን መጣ። ሰውየው መሪውን ለመመለስ እጁን ቢያዘው እጁ አልታዘዝ አለው። ብስክሌቱ ተንሸራቶ መንገዱን ለቀቀና እሱን ይዞት ቦዩ ውስጥ ገባ። የቦዩ ጭቃ እንደ ፍራሽ ተቀበለው። ሁሉም ብስክሌታቸውን ጥለው ሮጡ። ነርሷ እጁንና እግሩን ዳበሰች፤ የተሰበረ ነገር የለም። ግንባሩን ስትነካው ግን ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ሰው ትኩሳቱ እሳት ነው» አለች።

በመንገዱ መኪና አያልፍም፤ መጠለያም የለም። ሰውየው ተነሥቶ ከጭቃው እየወጣ፣ «እናንተ ሂዱ። እኔ በዝግታ ብቻዬን እመጣለሁ» አለ።

ዳቦ ጋጋሪዋ በዚህ ጊዜ ብስክሌቷን አንሥታ ከፊቱ አቆመችው። ከክበቡ ሰዎች ሁሉ በአካል ትንሿ እሷ ናት፤ ክበቡ ውስጥ ከገባች ወዲህ አንድም ቀን ፊት ሆና አታውቅም። «ከእኔ ኋላ ግባ» አለችው።

ሰውየው በዚያ ሁኔታው ሳቁ መጣ። «አንቺ? የእኔ እህት፣ አንቺ መዳፍ የምታህል ነፋስ አታስጥዪም!»

«መዳፍም ከተገኘ ምን አለበት?» አለችው። «ደግሞ እኔ እዚህ ክበብ ከገባሁ ጀምሮ ያየሁት ያንተን ጀርባ ነው። መንገዱን አንድ ቀን ልየው!»

«እኔ ከሰው ኋላ አልሄድም» አለ ሰውየው። ቀልዱ ከድምፁ ጠፋ።

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ብስክሌታቸውን ተደግፈው ቆሙ። ውሃ ከባርኔጣቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። «እንግዲያው እኛም አንሄድም» አሉ። «እዚሁ ቆመን ዝናቡን እንጠጣለን።» የሒሳብ አስተማሪውም መጥቶ ከጎናቸው ቆመ፤ ነርሷም ቆመች፤ ሁሉም ቆሙ።

ሰውየው ያን ጊዜ ዞሮ አያቸው። ለካ ፊታቸውን ደህና አድርጎ አይቶ አያውቅም። ሽማግሌው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የዳቦ ጋጋሪዋ ከንፈር በብርድ ጠቁሮ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ እሷ ግን መሪዋን ይዛ ትጠብቀዋለች። እምቢ ባለ ቁጥር የሚበርዳቸው እነሱ ናቸው። የሚያድናቸው መስሎት ቆሞባቸው ነበር።

ብስክሌቱን አነሣና ከዳቦ ጋጋሪዋ ኋላ ገባ።

መጀመሪያ እንደ ቅጣት ሆነበት። ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። ከኋላ ጎማዋ የሚረጨው ጭቃ ውሃ ቀጥታ አፉ ውስጥ ይገባል። እንትፍ ብሎ ሳይጨርስ ሌላ ይመጣል። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ያንተ ይብሳል!» አሉ ልብስ ሰፊው ከኋላው። «የአንተ ጎማ ሰፊ ነው፤ ጭቃ የሚከልል ፓራፋንጎም የለህም። ሁለት ክረምት ሙሉ ጭቃህን ስንበላ ከርመን ልንነግርህ ፈርተን ነው!»

ሰውየው ይህን ሲሰማ ደነገጠ። እሱ ለእነዚህ ሰዎች ነፋስ ያስጣላቸው ብቻ ይመስለው ነበር። ጭቃውን በፊታቸው ሲቀበሉለት መክረማቸውን፣ አንዳቸውም «ምን ይደረግ፣ ጥሎብን» አለማለታቸውን ከዚያች ሰዓት በፊት አላወቀም።

ከዚያ ሌላ ነገር ሆነ። ነፋሱ ቀነሰ። ቀጭኗ ሴት እውነትም ብዙ አታስጥልም፤ ግን ጭንቅላቷን ደፍታ ስትረግጥ ከጀርባዋ ትንሽ ጸጥ ያለ ቦታ ትፈጠራለች፤ እሱም እዚያ ገባ። ደረቱ ማፏጨቱን ተወ። ጆሮው ውስጥ ሲጮኽ የኖረው ወንዝ ቆመ። በእሱም ፈንታ የሰው ድምፅ ሰማ። ሁሉም እየረገጡ ሙቀት ተመልሶላቸዋል፤ የሒሳብ አስተማሪውም አንድ ነገር እየተረከ ነው።

አስተማሪው የሚኖረው አንዲት ባልቴት ግቢ ተከራይቶ ነው። ባልቴቷ ሰው የሚናከስ አውራ ዶሮ አላቸው። ዶሮው ሁሉንም ትቶ አስተማሪውን ጠምዶታል፤ ጠዋት ከቤቱ ብቅ ሲል እግሩ ላይ ይወጣበታል። ጃንጥላ ሞከረ፤ ዶሮው ጃንጥላውን ቀደደው። በመጨረሻ ዶሮው የሚፈራው ባልቴቷን ብቻ መሆኑን ስላወቀ፣ ጠዋት ጠዋት የእሳቸውን ነጠላ ተከናንቦ፣ እንደ እሳቸው ጎበጥ ብሎ እየተራመደ መውጣት ጀመረ። ዶሮውም አመነ። ሐሙስ ዕለት ግን እንደዚያ ተከናንቦ ከግቢው በር ሲደርስ፣ ርእሰ መምህሩ ለጉዳይ ፈልጎት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ርእሰ መምህሩም ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጅ ነሥቶ፣ «እንደምን አደሩ እማማ፣ ያ ሰነፍ ተከራይዎ ተነሥቷል?» አለው።

«አንተስ ምን አልከው?» አለች ነርሷ።

«ምን እላለሁ? ድምፄን አቅጥኜ ‹ትናንትም ሲያነብ ነው ያመሸው፣ ጎበዝ ልጅ ነው› አልኩት።»

የሰልፉ ሰው ሁሉ አሽካካ። ሰውየው ያን ሳቅ ያውቀዋል። «ቆይ» አለ፤ «ቆይ! ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትስቁት በዚህ ነው?»

«በዶሮው ነዋ!» አለ አስተማሪው። «እሑድ እሑድ የሳምንቱን ጠብ አወራላቸዋለሁ። በምን መስሎህ ነበር?»

«እኔማ በሱሪዬ መስሎኝ አዲስ ሱሪ ገዛሁ!» አለ ሰውየው።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ከብስክሌታቸው ሊወድቁ ደረሱ። ሰልፉ ተበታተነ፤ ነርሷ መንገዱን ስታ ሣር ላይ ገባች፤ አስተማሪው ሆዱን ይዞ ቆመ። ሰውየውም ሳል እያቋረጠው፣ ጭቃ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ሆዱ እስኪያመው ሳቀ። ሳቁ ያለቀው ዳቦ ጋጋሪዋ ከፊት ዞራ «እኔን እዚህ ነፋስ እየጋጠኝ እናንተ ትስቃላችሁ? ተሰለፉ!» ብላ ስትቆጣ ነው። ተሰለፉ።

እሷ ሲደክማት ክርኗን ወዝወዝ አደረገች፤ ነርሷ ፊት ሆነች። ከነርሷ በኋላ አስተማሪው፣ ከአስተማሪው በኋላ ሽማግሌው ሆኑ። እያንዳንዱ በአቅሙ ነው፤ አንዳንዱ ጥቂት ሄዶ ይወርዳል። ዳቦ ጋጋሪዋ ከጭራ ገብታ ስታርፍ ጉንጯ ቀልቶ ነበር፤ ፊት ሆና ስላየችው መንገድ ለሚሰማትም ለማይሰማትም ታወራለች። ሰውየው አንድም ጊዜ ፊት አልሆነም። ጨለማ ሳይይዛቸው ከተማው ደረሱ፤ ሰውየውንም ከደጁ አድርሰው ለሚስቱ አስረከቡት። እሷም የዝንጅብል ሻይ አፈላችና ዘረጋችለት። ተቀብሎ ጠጣ። ሚስቱ ባዶውን ስኒ ይዛ ቆማ አየችው፤ ትኩሳቱ አእምሮውን ነካው ብላ ፈርታ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሰውየው ገና አልጋ ላይ ነበር፤ ክበቡ ግን ያለ እሱ ወጣ። ነፋስ ነበረ፤ ዝናብም ነበረ። ሁሉም በሰላም ተመለሱ፤ ከነጭቃቸው መጥተው አልጋው ዙሪያ ተቀመጡና የዶሮውን የሳምንት ወሬ ነገሩት። ከዳነም በኋላ ከሌሎቹ አብልጦ ፊት ይሆናል፤ ጉልበት የእሱ ነውና። ሲደክመው ግን ክርኑን ያወዛውዛል።

መምህር ልሣነወርቅ እዚህ ሲደርሱ ወደ ወይዘሮ አጸደ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ብስክሌተኛ አንቺ ነሽ። ነፋስ ያስጣልሻቸው ጎረቤቶችሽ ናቸው። በሐዘናቸውም በደስታቸውም ፊት ሆነሽላቸዋል፤ ማንም ይህን አይክድሽም። ጨዋነት ነው ወይስ ኩራት አልሽኝ። ፊት ስትሆኚ ጨዋነት ነበር። ደክሞሽ፣ ወድቀሽ፣ መንገዱን ይዘሽ አልወርድም ስትዪ ግን ከኋላሽ ያሉት በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ደጅሽ መጥተው የሚመለሱት ሴቶች ደስ ብሏቸው የሚመለሱ ይመስልሻል? ‹ይቺ ሴት እኛን አትፈልገንም› እያሉ ነው። አንቺስ ሳታውቂ ስንት ጭቃ ረጭተሽባቸው ይሆን? እነሱ ችለውሻል፤ አልነገሩሽም። ከሰው ምንም ሳይቀበል የኖረ ሰው የለም፤ መቀበሉን ያላየ ሰው ግን አለ።»

ወይዘሮ አጸደ መሬት መሬቱን እያየች፣ «እሺ፣ ነገ ጎረቤቴ ልብሱን ልጠብልሽ ብላ ስትመጣ ምን ላድርግ?» አለች።

«ልብሱን ስጫት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቁጭ በዪ።»

«እሷ እያጠበች እኔ ቁጭ ብዬ?» አለች ወይዘሮ አጸደ፤ ፊቷ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ ነበር። «ምን እያደረግሁ?»

መምህሩ ፈገግ አሉ። «ወሬዋን እየሰማሽ» አሏት። «እስከ ዛሬ ለሥራ ስትሮጪ ያልሰማሽው ብዙ ነገር አላት።»